የአሮጌ ሞተር-ሸራ ጀልባ እድሳትና ጥገና

ሞተር-ሸራ ጀልባ በሸራ ብቻም ሆነ በሞተር ብቻ ሙሉ ጉዞ መሄድ የሚችል ጀልባ ነው። በተራ የሸራ ጀልባ ላይ ያለው ሞተር ወደብ ለመግባትና ለመውጣት የሚረዳ ትንሽ ሞተር ነው። በሞተር-ሸራ ጀልባ ላይ ያለው ግን ቀኑን ሙሉ የሚሠራ ጠንካራ የናፍታ ሞተር ነው። በሌላ በኩል ሞተሩ በጉዞ ላይ ቢቆም ሸራው ተሳፋሪውን ወደ ዳር ያደርሳል። ትንንሾቹ ብዙውን ጊዜ ከ8 እስከ 12 ሜትር ይረዝማሉ፤ ሰፊ ሆድ፣ ከነፋስና ከዝናብ የሚከልል የመንጃ ክፍል፣ አጭር ምሰሶና ትልቅ የነዳጅ ጋን አላቸው።

ከእነዚህ ጀልባዎች ብዙዎቹ ከ1960ዎቹ እስከ 1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የተሠሩ ስለሆኑ ዛሬ በሽያጭ ላይ የሚገኙት በአብዛኛው ያረጁ ናቸው። የመግዣቸው ዋጋ ዝቅተኛ ሊሆን ይችላል፤ የእድሳቱ ወጪ ግን ከመግዣው ሊበልጥ ይችላል። ስለዚህ አዲስ ባለቤት በቅድሚያ ማወቅ ያለበት ሦስት ነገር ነው፦ የትኛው ብልሽት ጀልባውን ያሰጥማል፣ የትኛው በጉዞ ላይ ያስቆመዋል፣ የትኛው ደግሞ መልኩን ብቻ ያበላሻል። ሥራውም የሚጀመረው በዚሁ ቅደም ተከተል ነው።

አመጣጥ

የሰሜን አውሮፓ ሞተር-ሸራ ጀልባዎች ቅርጽ የመጣው ከዓሣ አጥማጆች ጀልባ ነው። ዓሣ አጥማጆቹ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በሸራ ጀልባዎቻቸው ላይ ሞተር መግጠም ጀመሩ፤ ሸራውን ግን ለነዳጅ ቁጠባና ጀልባው በማዕበል እንዳይዋልል ለማድረግ አቆዩት። በኋላ ይህ ቅርጽ ለመዝናኛ ጀልባ ተወሰደ። የእንግሊዙ ፊሸር፣ የፊንላንዱ ናውቲካትና የኔዘርላንዱ ባንየር ከታወቁት ዓይነቶች ውስጥ ናቸው።

በቀይ ባሕርም ተመሳሳይ ለውጥ ታይቷል። በምፅዋ፣ በአሰብ፣ በጅቡቲና በየመን ወደቦች መካከል ሲመላለስ የኖረው ሳምቡክ ቀድሞ በሦስት ማዕዘን ሸራ ብቻ የሚሄድ የእንጨት መርከብ ነበር። በ20ኛው ክፍለ ዘመን የናፍታ ሞተር ሲገጠምለት ለተወሰነ ጊዜ ሞተርም ሸራም የያዘ ሆነ። ቀስ በቀስ ግን ሸራው እየቀረ ሞተሩ ብቻ የቀረባቸው በዙ።

በኢትዮጵያ ውሃዎች

በኢትዮጵያ ሐይቆች ላይ የጀልባ ሥራ ጥንታዊ ነው። በጣና ሐይቅ ላይ የሚታወቀው ታንኳ ከደንገል ይሠራል፤ በሥራውም የወይጦ ማኅበረሰብ ለረጅም ዘመን ታውቋል። ደንገሉ ተቆርጦ፣ ደርቆና በነዶ ታስሮ ቅርጽ ይይዛል። ታንኳ ውሃ እየጠጣ ስለሚከብድ ከጉዞ በኋላ ወደ ዳር ወጥቶ ይደርቃል፤ ዕድሜውም አጭር ስለሆነ ሲያረጅ በአዲስ ይተካል እንጂ አይታደስም። ኖርዌያዊው ቶር ሄየርዳል በ1961 ዓ.ም. (1969 እ.ኤ.አ.) አትላንቲክን ለማቋረጥ ያሠራት ራ የተባለችው ጀልባ ደንገሏ የሄደው ከጣና ነበር። ራ ከሞሮኮ ተነሥታ ብዙ ከተጓዘች በኋላ ውሃ ጠጥታና ተፈታትታ መድረሻዋ ሳትደርስ ተተወች። በሚቀጥለው ዓመት የተሠራችው ዳግማዊት ራ ግን በ57 ቀን ባርቤዶስ ደርሳለች። ውሃ የሚጠጣ አካል የቱንም ያህል ቢንሳፈፍ ቀኑ የተቆጠረ መሆኑን ታንኳ ሠሪዎች ከጥንት ያውቁታል፤ ለእንጨትና ለፋይበር ግላስ ጀልባም የሚሠራው ይኸው ነው።

የሞተር ጀልባ ወደ አገሪቱ የገባው በሁለት በር ነው። በምዕራብ፣ በ1894 ዓ.ም. (1902 እ.ኤ.አ.) በተደረገው የዐፄ ምኒልክና የብሪታንያ ስምምነት መሠረት በባሮ ወንዝ ላይ የጋምቤላ የንግድ ጣቢያ ተቋቁሞ የእንፋሎት ጀልባዎች ክረምት ክረምት ከሱዳን ይመጡ ነበር። በጣና ደግሞ በጣሊያን ወረራ ዘመን (ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.) ጎርጎራና ባሕር ዳር በሞተር ጀልባ ተገናኙ። ከዚያ ወዲህ በሐይቁ ላይ ሰውና ዕቃ የሚያመላልሱት፣ ምእመናንንና ጎብኚዎችን ወደ ደሴት ገዳማቱ የሚያደርሱት በአብዛኛው የሞተር ጀልባዎች ናቸው። በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው የማሪታይም ትምህርት ክፍል ለንግድ መርከቦች የሚሆኑ መሐንዲሶችን ያሠለጥናል።

በደቡብ ወሎ ከደጋው የሚወርዱት ውሃዎች፣ ከእነርሱም በሽሎና ወለቃ፣ በጥልቅ ገደል ውስጥ አልፈው ዓባይ የሚገቡ ስለሆኑ ለጀልባ ጉዞ አይመቹም። በዞኑ ለጀልባ የሚሆነው ውሃ ያለው ከደሴ በስተ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ በሚገኘው የሐይቅ እስጢፋኖስ ሐይቅና በጎረቤቱ በአርዲቦ ነው። ጀልባ በሌለበት ደጋ ግን ለጀልባ የሚሆን ሙያ አለ፦ የእህል ወፍጮ የሚያዞረውን የናፍታ ሞተር የሚጠግን ሰው የጀልባ ናፍታ ሞተርን ዋና ዋና ክፍሎች ያውቃቸዋል። በአሮጌ ሞተር-ሸራ ጀልባዎች ላይ በብዛት የሚገኘው የፐርኪንስ ሞተርም በማሲ ፈርጉሰን ትራክተሮች ምክንያት ለኢትዮጵያ መካኒኮች እንግዳ አይደለም። የሚለየው ሞተሩ የሚቀዘቅዝበት መንገድና የሚያዞረው ነገር ነው።

ከመግዛት በፊት የሚደረግ ምርመራ

ጀልባ በውሃ ላይ እያለ ሊመረመር የሚችለው ግማሹ ብቻ ነው። ከውኃ መስመር በታች ያለው አካል፣ ፕሮፔለሩና መሪው የሚታዩት ጀልባው ወደ ደረቅ ሲወጣ ነው። ስለዚህ ሻጩ ጀልባውን ለማውጣት ፈቃደኛ ካልሆነ ገዢው ዋጋውን የሚገምተው ያላየውን ነገር መጥፎ እንደሆነ ቆጥሮ ነው።

የእንጨት አካል የሚመረመረው በስለታም ወስፌ ነው። ጤነኛ እንጨት ወስፌውን ይመልሳል፤ የበሰበሰው እንደ አሮጌ ዱባ ያስገባል። ብስባሽ ቶሎ የሚጀምረው የዝናብ ውሃ በሚጠራቀምበትና አየር በማይደርስበት ቦታ ነው፦ ከወለሉ ጠርዝ ሥር፣ በመስኮት ማዕዘኖች፣ በምሰሶው እግርና በሞተሩ ሥር ባለው አግዳሚ። በሳንቆቹ መካከል ያለው ስንጥቅ በጥጥ ክርና በስቱኮ ይደፈናል። ለረጅም ጊዜ በደረቅ የቆየ የእንጨት ጀልባ ሳንቆቹ ስለሚኮማተሩ መጀመሪያ ውሃ ሲገባ ያፈሳል። እንጨቱ ውሃ ጠጥቶ ሲያብጥ ብዙው ስንጥቅ ራሱን ይዘጋል፤ ፍሳሹ ከቀናት በኋላም ካልቀነሰ ግን ችግሩ ሌላ ነው።

የብረት አካል ዝገቱ ከውጭ ሳይሆን ከውስጥ ይበረታል። ውሃ በሆዱ ውስጥ ተኝቶ ስለሚቆይ ላሜራው ከውስጥ ወደ ውጭ ይበላል። በመዶሻ ሲመታ ጥርት ያለ ድምፅ የሚሰጥ ላሜራ ደህና ነው፤ የታፈነ ድምፅ የሚሰጠው ሳስቷል። የተበላ ላሜራ ተቆርጦ በአዲስ ይበየዳል እንጂ በላዩ በቀለምና በስቱኮ አይሸፈንም። ከመበየድ በፊት ከጀርባው ያለው የነዳጅ ጋን፣ የኤሌክትሪክ ሽቦና የእንጨት ልባስ ይነሣል፤ ይህ ሲዘነጋ ጀልባው በእድሳት ላይ እያለ ይቃጠላል።

የፋይበር ግላስ አካል አይበሰብስም፤ ሆኖም ውሃ ይጠጣል። ውሃው ከሬዚኑ ጋር ሲገናኝ በቀለሙ ሥር ፊኛ የሚመስል እብጠት ይፈጥራል፤ እብጠቱ ሲበሳ ሆምጣጤ የሚሸት ፈሳሽ ይወጣል። ጥቂት እብጠት አያሰጥምም። የበለጠ የሚያሳስበው በፋይበሩ ንብርብር መካከል የተቀመጠ እንጨት ሲበሰብስ ነው፤ ወለሉ ሲረገጥ የሚለሰልስ ከሆነ ምልክቱ ይኸው ነው። የብረት መቆሚያዎችና ምሰሶው የሚታሰሩት በዚያ ወለል ላይ ስለሆነ በነፋስ ቀን ሊነቀሉ ይችላሉ።

ለጥገና ሁለት ዓይነት ሬዚን አለ። ፖሊስተር ርካሽ ነው፤ በአሮጌ ፋይበርና በእንጨት ላይ የሚኖረው ጥብቀት ግን ከኢፖክሲ ያነሰ ነው። ኢፖክሲ ውድ ቢሆንም ለእንጨትና ከውሃ መስመር በታች ላለ ጥገና ይመረጣል። በሁለቱም ዘንድ ማድረቂያው በአምራቹ ልክ መቀላቀል አለበት፤ በኢፖክሲ ላይ ቶሎ እንዲደርቅ ተብሎ ማድረቂያ ቢጨመር ሬዚኑ ሳይጠነክር ይቀራል። ጥገናው የሚደረግበት ቦታ በካርታ ቬትሮ ተፍቆ፣ ጸድቶና ፈጽሞ ደርቆ መሆን ይኖርበታል።

የአገር እንጨትን በተመለከተ፣ ጥድ ዘይት ስላለው ብስባሽን ይቋቋማል፤ ዋንዛ ለሥራ ቀላልና የማይጣመም ስለሆነ ለውስጥ ዕቃ ይመቻል። ሆኖም ጥድ፣ ዋንዛ፣ ዝግባና ኮሶ በተፈጥሮ ደን ውስጥ እንዳይቆረጡ በሕግ የተጠበቁ ዛፎች ስለሆኑ እንጨቱ ከሕጋዊ ምንጭ መምጣቱ መረጋገጥ አለበት።

ሞተር

አሮጌ የናፍታ ሞተር በዕድሜው ብቻ አይፈረድበትም። በየጊዜው ዘይቱ ሲቀየርለት የኖረ የ40 ዓመት ሞተር ቆሞ ከኖረ የ10 ዓመት ሞተር ሊሻል ይችላል። ሞተር ሲቆም ውሃ በሲሊንደሩ ውስጥ ይዘገያል፣ ፋሻው ይጣበቃል፣ ጎማዎች ይደርቃሉ።

የመጀመሪያው ምርመራ ሞተሩ ቀዝቃዛ እያለ ማስነሣት ነው፤ ሻጩ አስቀድሞ አሙቆት ከሆነ ጉድለቱ ይደበቃል። ከዚያ ጭሱ ይታያል። ጥቁር ጭስ አየር ማነሱን ወይም ነዳጅ መብዛቱን ያሳያል፤ ሞተሩ ከአቅሙ በላይ ሲጫንም ይመጣል። ሰማያዊ ጭስ ዘይት እየተቃጠለ መሆኑን፣ ማለትም ፋሻ ወይም የቫልቭ መምሪያ ማለቁን ያመለክታል። ነጭ ጭስ ሞተሩ እስኪሞቅ ጥቂት ቢታይ የተለመደ ነው፤ ከሞቀ በኋላ ካልጠፋ ግን ያልተቃጠለ ናፍታ ወይም ወደ ሲሊንደር የገባ ውሃ ሊሆን ይችላል። በዘይት መለኪያው ላይ ዘይቱ ወተት የተቀላቀለበት ቡና መስሎ ከታየ ውሃ ከዘይት ጋር ተገናኝቷል፤ ጓርኒሲዮኑ ወይም ቴስታታው ይፈተሻል።

የጀልባ ሞተር ከመኪና ሞተር ዋና ልዩነቱ ራዲያተር የሌለው መሆኑ ነው። በአብዛኞቹ ጀልባዎች ከውጭ ያለው የሐይቅ ወይም የባሕር ውሃ በፖምፓ እየተሳበ በሞተሩ ውስጥ የሚዞረውን ንጹሕ ውሃ ያቀዘቅዝና ከጭሱ ጋር ይወጣል። በፖምፓው ውስጥ ያለው የጎማ ክንፍ ለጥቂት ደቂቃ እንኳ ያለ ውሃ ቢዞር ተቃጥሎ ይቆራረጣል። ስለዚህ ሞተሩ በተነሣ ቁጥር ከጭስ ማውጫው ውሃ መውጣቱ ይታያል፤ ካልወጣ ወዲያው ይጠፋል። የጎማው ክንፍ በዓመት አንድ ጊዜ ይመረመራል፤ መለዋወጫውም ሁልጊዜ በጀልባው ላይ ይገኛል። የተቆረጠ ክንፍ ከተገኘ ቁራጮቹ ሁሉ ተፈልገው ካልወጡ የማቀዝቀዣውን ቱቦ ይዘጋሉ።

በጉዞ ላይ ሞተር የሚያቆመው ከሁሉ በላይ የቆሸሸ ነዳጅ ነው። ግማሽ ባዶ የሆነ ጋን ሌሊት ሲቀዘቅዝ ውሃ ያቁራል፤ በውሃውና በናፍታው ድንበር ላይ ጥቃቅን ሕያዋን ይራቡና ጥቁር ዝቃጭ ይሠራሉ። ጀልባው ቆሞ ሳለ ዝቃጩ ከታች ይተኛል፤ ማዕበል ሲያናውጠው ተነሥቶ ፊልትሮውን ይደፍናል። በዚህ ምክንያት ሞተሩ የሚቆመው እጅግ በሚያስፈልግበት ሰዓት ይሆናል። አሮጌ ጀልባ የገዛ ሰው ጋኑን ከፍቶ ማጽዳት፣ ውሃ የሚለይ ፊልትሮ መግጠምና ከነዳጅ መሥመር አየር ማስወጣትን መማር አለበት። አየር ማስወጣት የወፍጮ ሞተር የሚያንቀሳቅሱ ሰዎች ዘወትር የሚሠሩት ሥራ ነው፦ የፊልትሮው ብሎን ይላላል፣ በእጅ ፖምፓ አረፋ የሌለው ናፍታ እስኪወጣ ይሳባል፣ ብሎኑ ይጠበቃል።

ሻፍት፣ ፕሮፔለርና መሪ

ሻፍቱ ከጀልባው ሆድ ወደ ውጭ የሚወጣበት ቀዳዳ ከውሃ በታች ነው። በአሮጌ ጀልባዎች ላይ ቀዳዳውን የሚዘጋው በግራሶ የተነከረና በሻፍቱ ዙሪያ የተጠቀለለ ገመድ ነው። ይህ መዝጊያ ሻፍቱ ሲዞር በደቂቃ ጥቂት ጠብታ እንዲያሳልፍ ይደረጋል፤ ጠብታው ያቀዘቅዘዋል። ፈጽሞ እንዳያፈስ ተብሎ ዳዶው ከመጠን በላይ ከተጠበቀ ገመዱ ይደርቃል፣ ሻፍቱም ይበላል። ሞተሩ ሲቆም ግን ጠብታው መቆም አለበት።

ሻፍቱ ከካምቢዮው ጋር ፍጹም ካልተስተካከለ ጀልባው ይንቀጠቀጣል፣ ኩሽኔታዎችም ቶሎ ያልቃሉ። ማስተካከሉ የሚደረገው ጀልባው በውሃ ላይ እያለ ነው፤ በደረቅ ላይ ሲቆም አካሉ በጥቂቱ ስለሚጣመም ልኩ አይገኝም።

መሪው በእጅ ተይዞ ወደ ጎን ሲነቀነቅ መላወስ የለበትም። መሪው በሰንሰለት ወይም በዘይት የሚሠራ ከሆነ በቀጥታ በመሪው ራስ ላይ የሚገባ የድንገተኛ ጊዜ እጀታ ይዘጋጃል።

ኤሌክትሪክ

በአሮጌ ጀልባ ላይ የእሳት አደጋ ከሚነሣባቸው ቦታዎች ዋናው የተዘበራረቀ ሽቦ ነው። በየባለቤቱ ዘመን አንድ መብራት፣ አንድ ፖምፓ ሲጨመር ይኖራል፤ አሮጌው ሽቦ ግን አይነሣም። ብዙውን ጊዜ ከመጠጋገን ይልቅ ሁሉን አውጥቶ እንደገና መዘርጋት ይቀላል። ከባትሪው የሚወጣ እያንዳንዱ የኃይል መሥመር በባትሪው አጠገብ ፊዩዝ ሊኖረው ይገባል። ሞተሪኖውን የሚያስነሣው ባትሪ ከመብራቱ ባትሪ መለየት አለበት፤ መብራት ሲበራ ያደረ ጀልባ ጠዋት ሞተሩ የማይነሣ ከሆነ አደጋ ነው።

ተራ የ12 ቮልት ባትሪ ከግማሽ በታች እስኪወርድ ሲሠራበት ዕድሜው ያጥራል። ሞልቶ ካረፈ በኋላ 12.7 ቮልት ያህል ያሳያል፤ 12.2 ገደማ ሲደርስ ግማሹ አልቋል። ባትሪ ሲሞላ የሚፈነዳ ጋዝ ስለሚያወጣ የሚቀመጥበት ሣጥን አየር ማውጫ ያስፈልገዋል። ለኢትዮጵያ ሐይቆች ትንሽ የፀሐይ ኃይል ሰሌዳ ባትሪውን ሞልቶ ለማቆየት ይበቃል።

ምሰሶና ሸራ

ምሰሶውን ቀጥ አድርጎ የሚይዘው የብረት ገመድ ላዩ ቢያበራም ከውስጡ ሊሰነጠቅ ይችላል። በእጅ ሲዳሰስ አንድ ክር እንኳ ተበጥሶ ከተገኘ ገመዱ ይቀየራል። ዕድሜው የማይታወቅ ገመድን በመግዣው ዓመት መቀየር የተለመደ ምክር ነው።

ሸራን የሚገድለው ከነፋስ ይልቅ ፀሐይ ነው። በተለይ የመስፊያው ክር ከጨርቁ ቀድሞ ያልቃል፤ በጥፍር ሲጫር የሚበጠስ ክር ሸራው እንደገና መሰፋት እንዳለበት ያሳያል። በከፍታ ቦታ ላይ ጎጂው የፀሐይ ጨረር ስለሚበረታ ሸራ በማይሠራበት ጊዜ ሁሉ መሸፈን አለበት።

የደጋ ሐይቅና የባሕር ልዩነት

ለባሕር የተሠራ ጀልባ ወደ ጣና ወይም ወደ ሌላ የደጋ ሐይቅ ሲመጣ ብዙ ነገር ይለወጣል።

የሞተር ኃይል፦ ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው 80 በመቶ ያህል ነው። ተርቦ የሌለው ናፍታ ሞተር አየር ስለሚያንሰው ኃይሉ በዚያው መጠን ይቀንሳል፤ የነዳጁ ልክ ካልተቀነሰ ደግሞ ጥቁር ጭስ ያወጣል። ለባሕር የተመረጠው ፕሮፔለር ለደከመው ሞተር ስለሚከብደው ጠመዝማዛው ያነሰ ፕሮፔለር ሊያስፈልግ ይችላል።

ማቀዝቀዣ፦ ውሃ በ1,800 ሜትር ከፍታ የሚፈላው በ94 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው። ስለዚህ የማቀዝቀዣው ክዳን ግፊት የማይዝ ከሆነ ሞተሩ በባሕር ላይ ከሚፈላው ቀድሞ ይፈላል።

ዝገት፦ በጨው ውሃ ውስጥ ፕሮፔለሩንና ሻፍቱን ከመበላት የሚጠብቀው በእነርሱ ፋንታ የሚበላ የዚንክ ቁራጭ ነው። በጨው አልባ ውሃ ዚንክ ሥራውን በደንብ አይሠራም፤ በማግኒዥየም ይተካል። ማግኒዥየሙ ደግሞ በባሕር ውስጥ እጅግ ፈጥኖ ስለሚያልቅ ጀልባው ወደ ባሕር ከተመለሰ እንደገና ይቀየራል።

እንጨት፦ በባሕር ውስጥ የመርከብ እንጨት የሚቦረቡር ትል በሐይቅ የለም። በአንጻሩ ጨው እንጨትን ከብስባሽ ይጠብቃል፤ በሐይቅ ላይ ይህ ጥበቃ የለም፣ የዝናብ ውሃም ተጨማሪ ጉዳት ያደርሳል።

ጥልቀት፦ ጨው አልባ ውሃ ከባሕር ውሃ ስለሚቀል ጀልባው ጥቂት ጠልቆ ይቀመጣል። ጣና ሰፊ ቢሆንም ጥልቀቱ ከፍ ቢል 14 ሜትር ገደማ ነው፤ የውሃው ከፍታም በየዓመቱ ከመስከረም እስከ ጥቅምት ይጨምራል፣ በግንቦትና በሰኔ ይቀንሳል። በ2003 እ.ኤ.አ. የሐይቁ ወለል ትልልቆቹ ጀልባዎች ሊሠሩበት ከሚችሉት ከ1,785 ሜትር በታች በመውረዱ ጉዞ ለ4 ወራት ያህል ተቋርጧል። ታችኛው አካሉ ጠልቆ የሚሄድ ሞተር-ሸራ ጀልባ በበጋ ማብቂያ በዳርቻው ድንጋይ ላይ የመቀመጥ ዕድሉ ሰፊ ነው።

እምቦጭ፦ በጣና ላይ ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የታየው እምቦጭ በፕሮፔለር ላይ ይጠመጠማል፣ የማቀዝቀዣ ውሃ የሚገባበትንም ቀዳዳ ይደፍናል። በመግቢያው ላይ በቀላሉ የሚከፈት ማጥለያ መግጠምና በየጉዞው ማጽዳት የግድ ነው። በእምቦጭ ውስጥ ያለፈ ጀልባ ወደ ሌላ ሐይቅ ከመወሰዱ በፊት ሥሩም ማጥለያውም ፈጽሞ መጽዳት አለበት፤ አንዲት ቁራጭ ተክል አዲስ ሐይቅ ለመበከል ትበቃለች።

የሥራ ቅደም ተከተል

ብዙ እድሳት ሳያልቅ የሚቀረው ባለቤቱ ጀልባውን በአንድ ጊዜ ፈትቶ ስለሚጥለው ነው። ወንበሩ፣ ወለሉና መስኮቱ ሁሉ ተነቅሎ በየጓዳው ሲቀመጥ ገንዘቡም ትዕግሥቱም ያልቃል፤ ቆሞ የቀረው አካልም በዝናብ ይበሰብሳል። የሚመከረው ቅደም ተከተል ይህ ነው፦

1. ውሃ የሚያስገባ ነገር ሁሉ፦ ስንጥቅ፣ የሻፍት መዝጊያ፣ ከውሃ በታች ያሉ ቫልቮችና ቱቦዎቻቸው።
2. የገባውን ውሃ የሚያወጣ፦ አንድ የኤሌክትሪክና አንድ የእጅ ፖምፓ።
3. እሳት የሚያስነሣ፦ የነዳጅ ፍሳሽ፣ የተላጠ ሽቦ፣ የምግብ ማብሰያ ጋዝ።
4. ጀልባውን የሚያስኬድና የሚያቆም፦ ሞተር፣ መሪ፣ መልሕቅና ገመዱ።
5. ከላይ የሚገባ ዝናብ፦ መስኮት፣ ክዳን፣ የወለል ስፌት።
6. ምሰሶና ሸራ።
7. መኝታ፣ ወጥ ቤት፣ ቀለምና ቨርኒሽ።

ከውሃ በታች ያለ ቫልቭ እያንዳንዱ በእጅ መከፈትና መዘጋት መቻል አለበት። የተጣበቀ ቫልቭ ቱቦው በተቀደደ ቀን ከቀዳዳ አይለይም። በየቫልቩ አጠገብ በልኩ የተጠረበ የእንጨት ውታፍ በሲባጎ ታስሮ ይቀመጣል።

የዓመት ጥገና

በጣና አካባቢ ጥገናው ከወቅቶች ጋር ሊስማማ ይችላል። ውሃው በሚሸሽበት ከመጋቢት እስከ ግንቦት ባለው ጊዜ ጀልባውን ማውጣት፣ መፋቅና መቀባት ይመቻል፤ አየሩ ደረቅ ስለሆነ ሬዚንና ቀለም በደንብ ይይዛሉ። ክረምት ከመግባቱ በፊት መስኮትና የወለል ስፌት ይፈተሻል፣ የነዳጅ ጋኑም ውሃ እንዳያቁር እስከ አፉ ይሞላል። በክረምት ጀልባው በየጥቂት ቀኑ ይታያል፤ በአንድ ሌሊት ዝናብ የሞላ ክፍት ጀልባ በታሰረበት ይሰጥማል። ከመስከረም በኋላ ዘይትና ፊልትሮ ይቀየራል፣ የጎማው ክንፍ፣ ቺንጋውና የማግኒዥየሙ ቁራጭ ይመረመራል። የዘይት መቀየሪያው ጊዜ በአምራቹ መጽሐፍ የተጻፈው ነው፤ በአሮጌ ሞተሮች ብዙውን ጊዜ ከ100 እስከ 200 ሰዓት ሥራ ባለው መካከል ይወድቃል። ሥራውን ሁሉ በቀንና በሰዓት የሚመዘግብ አንድ ደብተር ለቀጣዩ መካኒክና ለቀጣዩ ገዢ ምስክር ነው።

ደኅንነትና አካባቢ

በጣና ላይ ጠዋት ጸጥ ያለው ውሃ ከሰዓት በኋላ በነፋስ ይናወጣል፤ ስለዚህ የሐይቁ ጀልባ ነጂዎች በማለዳ መነሣትን ይመርጣሉ። አዲስ የታደሰ ጀልባ የመጀመሪያ ጉዞው ከዳር ሳይርቅ፣ በጠዋትና ያለ ተሳፋሪ መሆን አለበት። ለእያንዳንዱ ሰው የሚበቃ የመንሳፈፊያ ጃኬት፣ የእሳት ማጥፊያ፣ ውሃ የማያስገባ የእጅ መብራትና ባልዲ ከመነሣቱ በፊት ይቆጠራል። የጀልባው የመጫን አቅም የሚወሰነው በወንበሩ ብዛት አይደለም፤ ሰዎች ሁሉ ወደ አንድ ጎን ቢሰበሰቡ ሳይገለበጥ የሚችለው ልክ ነው።

የጣና ሐይቅ በ2007 ዓ.ም. (2015 እ.ኤ.አ.) በዩኔስኮ የባዮስፌር ክልል ሆኖ ተመዝግቧል፤ በዙሪያው ያሉ ሰዎች ይጠጡታል፣ ዓሣ ያጠምዱበታል። ከሞተር የወጣ አሮጌ ዘይት፣ ከሆድ የሚቀዳ ናፍታ የነካው ውሃና ከአካሉ የተፋቀ ቀለም ወደ ሐይቁ መግባት የለባቸውም። በተለይ ሥሩ ላይ የሚቀባው ተውሳክ አጥፊ ቀለም መዳብ ስላለበት ለዓሣ መርዝ ነው። ፍቆው ሸራ ተነጥፎ ከዳር ርቆ ይሠራል፤ ትቢያው ተሰብስቦ ይወገዳል፣ ዘይቱም በጀሪካን ተጠራቅሞ ለሚረከብ ይሰጣል።